የሳቢያን ባንድ አሥራ አራት ክሊፖች

የሱፍን ስለ ሳቢያን ባንድ መጠየቅ ግማሽ ቀን መክሰር ማለት ነበር። ሐርጌሳ ላይ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ሚኒባሶች ከሚጫኑበት ፊት ለፊት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም የሞባይል መጠገኛ ሱቅ አለችው። ስልኩን ሊያሠራ የገባ ሐበሻ ሁሉ ስለ ባንዱ ሳይሰማ አይወጣም። ስልኩ ሳይሠራለት የወጣ አለ፤ ስለ ሳቢያን ሳይሰማ የወጣ ግን የለም። ሰው ምን ያድርግ፣ የተሰነጠቀ ስክሪኑን ይዞ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል።

ሳቢያን የድሬዳዋ ሰፈር ነው፤ ባንዱንም ያቋቋሙት ከዚያው የወጡ አምስት ልጆች ናቸው። ዘፋኛቸው ናጂብ ይባላል። በደህናው ዘመናቸው አሥራ አራት ክሊፕ ሠርተው ተበተኑ። አዲስ አበባ ላይ ስማቸውን የሰማ ጥቂት ነው። ድሬ ላይ ግን እነሱ ያልዘፈኑበት ሠርግ ሠርግ አይባልም ነበር። የሱፍም የድሬ ልጅ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ሐርጌሳ ሲሻገር ይዞ የመጣው አንድ ሻንጣ ልብስና የናጂብን ድምፅ ነው።

እነዚያን አሥራ አራት ክሊፖች በዲስክ ሰበሰባቸው። እንዴት እንደሰበሰባቸው ሲያወራ የሰማ ሰው ወርቅ የቆፈረ ይመስለዋል። በየቀኑ ቀትር ላይ ከኢትዮጵያ በቶግ ዋጃሌ በኩል ጫት ጭነው እየበረሩ የሚገቡ መኪኖች አሉ። የሱፍ ጫት በአፉ አይዞርም፤ ሾፌሮቹን ግን አንድ በአንድ በስማቸው ያውቃቸዋል። "አቦ፣ አወዳይ ስትደርስ እስቲ ቪዲዮ ቤቶቹ ጋ ጎራ በልልኝ። የሳቢያን የዝናቡ ክሊፕ አለ ወይ በል" ይላቸዋል። ከአሥሩ አንዱ ይዞለት ይመጣል። ዲስኩ እንዳይሰበር በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከጫቱ እስር መሃል ስለሚገባ፣ ሐርጌሳ ሲደርስ እርጥብ ነው፣ ጫት ጫትም ይሸታል። የሱፍ ለስላሳ ጨርቅ ይዞ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር እያለ ይጠርገዋል። ዲስክ በክብ አይጠረግም፣ ይጫራል። ይህን ለፈዲላ ስንቴ እንደነገራት አላህ ይወቀው።

ፈዲላ ሚስቱ ናት። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ በተከራዩት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተቀምጣ የሴት ልብስ ትሰፋለች። "መጀመሪያ ያገባኸው ሳቢያንን ነው፤ እኔ በሁለተኛነት ነው የገባሁት" ትለዋለች ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። ይስቃል። እውነቷን ነበር እኮ።

ሰባት ዓመት ፈጀበት። የመጨረሻው፣ የባቡር ጣቢያው ክሊፕ፣ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ከስንት ፍለጋ በኋላ የተገኘው ከማያውቃቸው ሰዎች የሠርግ ቪዲዮ ጭራ ላይ ነው፤ ቪዲዮ ቀራጩ ዲስኩ ላይ ባዶ ቦታ ቢተርፈው ሞልቶበት ኖሯል። የሱፍ እዚያ ክሊፕ ላይ ለመድረስ የሁለት ሰዓት ተኩል ሠርግ ተመልክቷል፤ የሙሽራዋን አክስቶች ዛሬም መንገድ ላይ ቢያገኛቸው ይለያቸዋል። ከዚያ አሥራ አራቱንም እያጣራ በአንድ ዲቪዲ ላይ በየተራቸው ደረደራቸው፣ ዝርዝራቸውንም በአማርኛ ጻፈበት። ወር ሙሉ ከሱቅ ሲመለስ ሌላ ሥራ አልነበረውም።

አንድ ጥፋት ግን ነበረበት። ኮፒ አይሰጥም። ማህዲ እንኳ ለምኖ አጥቷል። ማህዲ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ የሐርጌሳ ሰው ሆኖ ሐርጌሳ በጦርነት በፈረሰችበት የስደት ዘመን ጅግጅጋ ያደገ፣ አማርኛው ከብዙ ሐበሻ የሚሻል። "አንድ ኮፒ ብትሰጠኝ ምን ይጎድልብሃል?" ሲለው የሱፍ "ቤቴ ና፣ እስክትጠግብ እይ። እጅ ለእጅ ከዞረ ይረክሳል" አለው። ምሳውን ብቻውን የማይበላ ሰው ነው፤ በዚህ ነገር ላይ ግን ንፉግ ሆነ። ሳቢያን እሱ ዘንድ ብቻ እንዲገኝ ፈለገ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ማህዲ አንድ ሰው አስከትሎ ወደ ሱቁ መጣ። ሰውየው ጺሙን አሳድጎ በሒና አቅልቶታል፣ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቷል፣ በእጁ አንድ ጠርሙስ ማር ይዟል። የሱፍ ደንበኛ መስሎት "ስልኩ ምን ሆነ?" አለ። ሰውየው "አሰላሙ ዐለይኩም" ሲል ግን ድምፁን ሰማው። የያዘው ካቻቢቴ ከእጁ ወደቀ።

"አንቱ..." አለ።

"አንቱ አትበለኝ አቦ። የድሬ ልጅ አይደለህም እንዴ?" አለ ናጂብ።

የሱፍ ሻይ አስመጣ፣ ወንበሩን ለቀቀ፣ ሱቁን ሊዘጋ ሁሉ ቃጣው። ዕድሜ ልኩን የሰማው ድምፅ ባለቤት በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቁጭ ሲል ሰው ምን እንደሚሆን ማን አስተምሮት ያውቃል። ናጂብ ግን ሻዩን አልነካም።

"ቶብቻለሁ" አለ። "ሙዚቃን ትቼ ወደ አላህ ተመልሻለሁ። ዩቲዩብ ላይ የጫኑትን አንድ በአንድ ለምኜ አሰርዣቸዋለሁ፣ አላህ ይስጣቸው። ድሬና ጅግጅጋ ያሉት ቪዲዮ ቤቶች ያላቸውን አውጥተው ሰባብረውልኛል። ያሳተመን ሙዚቃ ቤት ከተዘጋ ቆየ። አሁን በየሄድኩበት አንድ ነገር ነው የምሰማው፤ ሐርጌሳ የሱፍ የሚባል ልጅ ዘንድ ሁሉም አለ ይሉኛል።"

የሱፍ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የተሰማው ኩራት ነው። ያሳፍራል፣ ግን ኩራት ነው። ስሙ ናጂብ ጆሮ ደርሷል። ኩራቱ ሳይበርድ ሰውየው የመጣበትን ተናገረ።

"ሞቼ አፈር ከለበስኩ በኋላ አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ በከፈትከው ቁጥር ወንጀሉ በእኔ ላይ ይጻፋል። ቀብሬ ውስጥ አታዘፍነኝ፣ የሱፍ። ለአላህ ብለህ።"

ብሎ አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የናጂብም እንባ ቀይ ጺሙን አልፎ ደረቱ ላይ ይወርድ ነበር። ማህዲ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። የሱፍ ደግሞ የሚገባበት ጠፋው። "ለአላህ ብለህ" ከተባለ በኋላ ሙስሊም ሰው ምን ይላል? እምቢ ቢል የሚወደውን ሰው በገዛ እጁ እሳት ውስጥ መጨመሩ ነው። እሺ ቢል ሰባት ዓመቱ ሄደ። "እስከ ነገ ታገሠኝ" ብቻ አለው።

እቤት ሲገባ ለፈዲላ ነገራት። የስፌት መኪናዋን አቁማ ሰማችው።

"ኒያው፣ ሐሳቡ መልካም ነው፣ አላህ ይቀበለው" አለች። "ግን እሱ ለሠራው አንተ ምን ቤት ነህ? የራሱን ይተው። ያንተን ሰባት ዓመት ምን አገባው?"

"ቀብሬ ውስጥ ነው የሚለው እኮ፣ ፈዲላ።"

"ሰማሁ።"

"ወድጄው ወድጄው መጨረሻ ላይ ቀብሩ ውስጥ ላስቀጣው?"

ፈዲላ መኪናዋን መልሳ አስነሣች።

በማግሥቱ ከቤቱ ጓሮ፣ በተቆረጠ በርሜል ውስጥ እሳት አነደዱ። ሠላሳ አንድ ዲስክ ነበር፤ አንዳንዱ ክሊፕ ሁለት ሦስት ጊዜ ተገዝቷል። የሱፍ አንድ አንዱን ከሽፋኑ እያወጣ ያቀብላል፣ ናጂብ ይከታል። ሲቃጠል ክፉ ይሸታል፣ ዓይን ይቆጠቁጣል። ማህዲ አፍንጫውን በፎጣ ይዞ ከአጥሩ ሥር ቆሟል። የሠርጉም ዲስክ ከነሙሽሮቹ፣ ከነአክስቶቹ ገባ። ሲያልቅ ናጂብ የሱፍን አቀፈውና "አላህ ጀነት ይወፍቅህ። ሌላ የለህም አይደል?" አለው።

"የለኝም" አለ የሱፍ።

ነበረው። አሥራ አራቱም ያሉበት ያ ዲቪዲ ስለ ሐጅ ሥርዓት በአማርኛ የተሰጠ ትምህርት ሽፋን ውስጥ ገብቶ፣ ቁም ሣጥኑ ላይ ከዳዕዋ ዲስኮቹ መሃል ተደርድሯል። የዚያን ዕለት ጠዋት ነው ያስገባው። ሠላሳ አንዱን ሲሰጥ አንጀቱ ቻለ፤ አንዷን ግን መስጠት አልሆነለትም። ሰው ነው።

ከዚያ ሦስት ዓመት። ዲስኩን አስቀረው እንጂ አንድም ቀን አልከፈተውም። አልሞከረም አይባልም። ፈዲላ ዘመድ ልትጠይቅ 26 ጁን ወደሚባለው ሰፈር ሄዳ ቤቱ ጭር ባለበት ቀን ዲስኩን በሁለት ጣቱ ይዞ እስከ ማጫወቻው ድረስ ወስዶት ያውቃል። ያኔ የናጂብ ቃል ይመጣበታል። ሰውየው በሕይወት ይኑር ይሙት አያውቅም፤ ስልኩ አይሠራም፣ ወሬውም ጠፍቷል። ሞቶ ቢሆንስ? አሁን እኔ ይህችን ስጫን እዚያ አፈር ውስጥ የሚደርስበት ነገር ቢኖርስ? ይልና ወደ ሽፋኑ ይመልሰዋል።

ሱቁም ዝም አለ። ስለ ሳቢያን የሚጠይቅ ሲመጣ "እሱ አልፏል" ይልና ሥራውን ይቀጥላል። አንድ ደንበኛ ማህዲን "የሱፍ ታሟል እንዴ? ስልኬን በሃያ ደቂቃ ሠርቶ ሰጠኝ" ብሎታል። ማህዲ ይህን እየሳቀ ለየሱፍ ሲነግረው የሱፍ አልሳቀም።

ከሁሉ የባሰው ግን ውሸቱ ነበር። የሚያለቅስ ሰው ዓይን ዓይኑን እያየው "የለኝም" ብሎታል። በየሶላቱ መጨረሻ አስታግፊሩላህ ይላል፤ ዲስኩ ቁም ሣጥኑ ላይ እንደተቀመጠ አስታግፊሩላህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ራሱም ያውቀዋል። ሰውየውን ከድቼዋለሁ፣ የከዳሁበትን ነገር ደግሞ አላየሁት፣ ከሁለቱም የለሁበት እያለ ይብሰለሰላል። ፈዲላ ታውቃለች፤ የሽፋን መቀየር ሚስትን አያታልልም። "ወይ ስበረው ወይ እየው" ትለዋለች። "መሃል ላይ ቆመህ አትንደድ።" እሱ ግን ሁለቱንም አያደርግም።

ዘንድሮ፣ ዒድ ካለፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ አንድ ሰው ወደ ሱቁ ገባ። ጂንስ ለብሷል፣ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ነው የገባው። የሱፍ በዚህኛውም ጊዜ በመልኩ አላወቀውም። "የሱፌ" ሲል በድምፁ አወቀው።

በሕይወት አለ። የሱፍ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር፤ በኋላ ለመጣው ነገር ሲባል ይህ መነገር አለበት። "አልሐምዱሊላህ" አለ ከልቡ፤ ተነሥቶ አቀፈው፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ይዞት የመጣው ማህዲ ነበር፤ ሚኒባሱን አቁሞ በሩን ተደግፎ ይስቃል። ዓይኑ ግን ከናጂብ ጂንስ ላይ አልተነሣም።

ናጂብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ስማኝማ" አለ። "ተመልሰናል። አምስታችንም። ከበሮ መቺያችን ካናዳ ነው፣ እሱም ይመጣል። አዲስ አበባ አንድ ትልቅ አዘጋጅ አግኝተናል፣ የሳቢያን ምሽት ብሎ ሊያከብረን ነው። በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ግን ክሊፖቹን አምጡ አሉን። ከጀርባችን በትልቅ ስክሪን ይታያሉ፣ ማስታወቂያውም የሚሠራው በእነሱ ነው። የለንም ስንላቸው ሳቁብን። ክሊፕ የሌለው ባንድ ምን ባንድ ነው፣ መኖራችሁንስ በምን እናውቃለን አሉን። ይህን ሁሉ ዓመት ዘፍኜ ውሸታም መሰልኩ፣ የሱፌ። እስከ ሐሙስ ካላመጣን ነገሩ ይቀራል።"

"ተውበቱስ?" አለ የሱፍ።

"እ?"

"ተውበትህ። እዚህ ቁጭ ብለህ ያለቀስከው።"

ናጂብ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጁን አወናጨፈ። "ተወው አቦ። ያኔ ታምሜ ነበር። ሚስቴም ጥላኝ ሄዳ ነበር። ሰው ሲከፋው ብዙ ነገር ይላል።"

ብዙ ነገር ይላል። የሱፍ እጁ ላይ የነበረውን የስልክ ሽፋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ቀብሩ ውስጥ እንዳይነካ ብሎ ዓይኑንም ጆሮውንም አስሮ ኖሯል። ያ ሰው አሁን ሽቶ ተቀብቶ መጥቶ ሲከፋኝ ያልኩት ነው ይለዋል።

"የቀብሩስ ነገር?" አለ የሱፍ።

"አላህ መሐሪ ነው" አለ ናጂብ፣ ቸኮል ብሎ። ከዚያ ጎንበስ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞ አንተ አንድ እንዳስቀረህ አውቃለሁ። ያን ቀን የለኝም ስትለኝ ዓይንህን አይቼዋለሁ። አፍቃሪ ሁሉንም አያቃጥልም። እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩህ። ይቀመጥ፣ አንድ ቀን ያስፈልገን ይሆናል ብዬ ነው።"

እና ሳቀ። የልብ ወዳጅ ሳቅ ነበር፣ ተንኮል የለበትም። የሱፍን የገደለውም ይኸው ነው። ሰውየው ያውቅ ነበር። የሱፍ በየሱጁዱ ምሕረት ሲለምንበት የኖረውን ውሸት ይህ ሰው ያን ቀን አይቶት፣ ይሁን ብሎ፣ ኪሱ ውስጥ እንደ ትርፍ ቁልፍ ይዞት ሄዷል። አንድ ቀን እንኳ ደውሎ "አውቄብሃለሁ፣ አትጨነቅ" አላለውም። አንድ ቀን እንኳ "አሁን ክፈተው፣ እኔ ትቼዋለሁ" አላለውም። የሱፍ ቆሽቱ አረረ። አስቀምጬልሃለሁ ለማለት አንድ ቃል ይበቃው ነበር፤ ቃሉ አፉ ላይ ደርሶም ነበር። ዋጠው።

"ወላሂ ምንም የለኝም" አለ።

"አትቀልድ።"

"ወላሂ አልኩህ። በእጅህ አይደል እሳት ውስጥ የከተትከው? ማህዲም ቆሞ አይቷል።"

ናጂብ ወደ ማህዲ ዞረ። ማህዲ አንገቱን አቀረቀረ፤ ያየውን አይቷልና። ናጂብ ቀስ ብሎ ወደ የሱፍ ተመለሰ፣ ፊቱ ተለዋውጧል።

"ምን ዓይነት ወዳጅ ነህ አንተ?" አለ። "እኔ ባብድ አንተ ጤነኛው አታስቀርልኝም? እብድ ቤቴን አቃጥሉልኝ ቢል ክብሪት ይሰጡታል? መቶ ጊዜ ባለቅስብህ፣ እግርህ ላይ ብወድቅ እንኳ፣ እሺ ብለህ ሸኝተኸኝ መደበቅ ነበረብህ። ሌሎቹ ቢያቃጥሉ ነጋዴ ናቸው። አንተ እወዳችኋለሁ ባይ ነህ። ያቃጠልከው እኔን ነው።"

"ለአላህ ብለህ ብለኸኛል።"

"ብልህስ?"

ማህዲ ገብቶ የናጂብን ክንድ ያዘ፣ "ና ወንድሜ፣ እንሂድ" አለው። ናጂብ በሩ ጋ ሲደርስ ቁጣው ወጥቶለት ቆመ። ከዚያ ያ ሁሉ ሽቶና ጂንስ የማይደብቀው ያረጀ ሰው ሆኖ ታየ። "ነገ ጠዋት ወደ ዋጃሌ እወጣለሁ" አለ። "አንድም ብትሆን፣ የተጫረችም ብትሆን፣ ካገኘህ ለማህዲ ስጠው። እባክህ።" ድምፁ ተሰብሮ ነበር። የሱፍ የሰማው አልመሰለም፤ ካቻቢቴውን አንሥቶ የማንም ያልሆነ ስልክ መፍታት ጀመረ።

ከመግሪብ በኋላ እቤት ገባ። ፈዲላ አንድ ሐምራዊ ልብስ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጠርዙን በእጇ ትሰፋለች። ሁሉንም ነገራት፣ አንድም አልደበቃትም።

"ማልክ?" አለችው።

"ማልኩ።"

"ዲስኩ እዚህ እያለ?"

"እያለ።"

ፈዲላ መርፌዋን ልብሱ ላይ ሰካች። የሱፍ ወንበር ላይ ወጥቶ ከቁም ሣጥኑ ላይ የሐጁን ሽፋን አወረደ። ማጫወቻው አቧራ ለብሷል፣ ገመዱም ከቴሌቪዥኑ ተነቅሎ ቆይቷል፤ ሰካካው። አሁን ምን ያግደዋል? ባለቤቱ በሕይወት አለ፣ ደህና ነው፣ ሊዘፍን ነው። ወንጀልም ከሆነ የሚጻፍበት ሰው ራሱ ፈርሞበታል። ዲስኩን ከመሃል ወደ ዳር ጠረገና አስገባው።

ማጫወቻው አንዴ ተንገራገረና አነበበው። የባቡር ጣቢያው ክሊፕ መጣ። አንድም ጭረት የለውም። ናጂብ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሐዲዱ ላይ እየተራመደ ይዘፍናል። የሱፍ ሪሞቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ድሮ ገና ጊታሩ ሲጀምር ደረቱ ላይ የሚመጣ ነገር ነበር፤ የሚጠብቀው ያንን ነው። አልመጣም። በዚህኛው ላይ ይሆናል ብሎ ወደ ዝናቡ ክሊፕ አለፈ። ከዚያ ወደ ገበያው። ከዚያ ወደ አምስተኛው፣ ወደ ዘጠነኛው። ዘፈኑ ያው ዘፈን ነው፣ ምቱም ያው ነው፤ የሸሚዙ ቁልፍ የቱ ጋ እንደጎደለ እንኳ ያውቃል። ልጁ አፉን በከፈተ ቁጥር ግን የሱፍ የሚሰማው ያ የተላጨ ሰውዬ "ሰው ሲከፋው ብዙ ነገር ይላል" ሲል ነው። አሥራ አራተኛው ጋ ሲደርስ ላብ አጥምቆታል።

ፈዲላ ልብሱን ወደ ጎን አድርጋ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ፊቷ በራ። ሦስት ዓመት ዝም ያለ ቤት ነው፤ በትከሻዋ ነካ እያደረገችው በጣቷ ጉልበቷ ላይ ምቱን ትከተል ጀመር። ደስ ብሏታል።

"ድምፁ ድሮም እንዲህ ነበር?" አላት።

ፈዲላ ቴሌቪዥኑን አየች፣ ከዚያ እሱን አየችው። ጣቷ ቆመ።

"ድሮም እንዲሁ ነበር" አለች።

የሱፍ አጠፋው።

"ካልፈለግከው ስጠው" አለች ፈዲላ። "ላንተ ካልሆነ ለእሱ ይሁን። ማህዲን ጥራውና ሳይሄድ ያድርስለት። ለመሐላህም ሼኹን እንጠይቃለን፤ ሦስት ቀን ጹም ይሉህ ይሆናል።"

"ሦስት ዓመት ጾሜያለሁ" አለ የሱፍ።

"አውቃለሁ። እሱ ግን አያውቅም።"

"ነገርኩት እኮ። ዓይኑ ሥር ቁጭ ብዬ ለአላህ ብለህ ብለኸኛል አልኩት። ብልህስ ነው ያለኝ።"

ፈዲላ እጇን ክንዱ ላይ አደረገች። "የሱፍ፣ ይህ ነገር ከእሱ ይልቅ አንተን ነው የሚጎዳህ። ስጠውና ይውጣልህ።"

ሰማት። ልክ እንደሆነች ያውቃል፤ ያ ነው ክፉው፣ ያውቃል። ማጫወቻውን ከፍቶ ዲስኩን አወጣ፣ በሁለት እጁ ያዘው። ፈዲላ ሊሰጣት መስሏት እጇን ዘረጋች። እሱ አጠፈው። ዲስክ እንደ ሸክላ ቶሎ አይሰበርም፤ መጀመሪያ ጎበጠ፣ መሃሉ ላይ ነጭ መስመር አወጣ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ጠሽ ብሎ ተሰባበረ። የብር ቅርፊቱ ምንጣፉ ላይ ተበተነ። አንዱ ስባሪ የሱፍን አውራ ጣት ቆረጠው፤ እሱ ግን አላየውም።

"ወላሂ የለኝም ብዬዋለሁ" አለ። "አሁን የለኝም።"

ፈዲላ የዘረጋችውን እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበች። ተነሥታ ከበሩ ኋላ መጥረጊያውን አመጣች።

"አትንቀሳቀስ፣ ባዶ እግርህን ነህ" አለችውና ከእግሩ ሥር መጥረግ ጀመረች።